ጥቁር የእርሾ ዳቦ በእንፋሎት፣ ኦቨን ለሌለው ቤት

ጅማ ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም። ከተማዋ ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ድስታችን ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ምንም ያህል ብታነዱበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ ውሃው ብቻ ቶሎ ያልቃል። ይህንን በመጀመሪያ የማነሳው በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ ሞክረው መሃሉ ሊጥ ሆኖባቸው የተዉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ዱቄቱን ይወቅሳሉ፣ እርሾውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰዓቱ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ላሉ አገሮች የተጻፈ ሰዓት እዚህ አይሰራም። እዚህ ይረዝማል።

በእንፋሎት ዳቦ ማብሰል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ህብስት የሚሠራበት ቤት ያደገ ሰው ድስቱ ውስጥ ረብራብ ተደርጎ፣ ከሥሩ ውሃ እየፈላ፣ ሊጡ ከላይ ሲበስል አይቷል። በሌላ በኩል አሜሪካኖች በሰሜን ምሥራቅ አገራቸው፣ ቦስተን አካባቢ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርገው በእንፋሎት የሚያበስሉት ጥቁር ዳቦ አላቸው። ያልተነፋ ስንዴ፣ በቆሎና ራይ የሚባለውን እህል ይቀላቅላሉ። ማጣፈጫው ከስኳር ምርት የሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ፣ ሞላሰስ ነው። ፈሳሹ ደግሞ አሬራ ነው። ብዙዎቹ በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳ ነው የሚያነሱት። እኔ የምጽፍላችሁ የዚያን ዳቦ አካሄድ በእኛ እርሾና ጅማ ገበያ ላይ በሚገኝ እህል ነው። በቆሎው አለን፣ አሬራው አለን፣ ማሩ ደግሞ ከማንም የተሻለ አለን።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሌላ ነገር ጠብቃችሁ እንዳታዝኑ። ቅርፊት የለውም። ከላይ እስከ ታች ለስላሳ፣ እርጥብና ክብደት ያለው ዳቦ ነው። ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ትንሽ ይጣፍጣል። ላዩ እንደ ድፎ አይቀላም፣ ምክንያቱም ዳቦ ላይ የምናየው ቅላት የሚመጣው ከፈላ ውሃ በጣም በላይ በሆነ ሙቀት ነው። የዚህ ዳቦ ጥቁረት የሚመጣው ከዱቄቱና ከማሩ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ስትመርጡ ቀለሙንም እየመረጣችሁ ነው።

እርሾውን ማዘጋጀት

የዳበረ የስንዴ እርሾ ካላችሁ ይህንን ክፍል እለፉት። ከሌላችሁ አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋችኋል።

ንጹህ የመስታወት ማሰሮ አምጡ። 50 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትና 50 ግራም ለብ ያለ ውሃ አንድ ላይ አማስሉ። ሚዛን ከሌለ በመጠን አንድ ስኒ ዱቄት ለግማሽ ስኒ ውሃ አድርጉ፣ ክብደታቸው ይቀራረባል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት ወይም ክዳን በሌለው ዕቃ አሳድሩት። ፉርኖ ዱቄት ለዚህ ደካማ ነው። እርሾውን የሚያስነሱት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን በብዛት ያሉት ገለባው አካባቢ ስለሆነ ያልተነፋው ቶሎ ይነሳል። ክዳኑን አታጥብቁት፣ አየር ይውጣበት።

በማግስቱ ግማሹን አውጡና እንደገና 50 ዱቄት፣ 50 ውሃ ጨምሩ። እንደዚህ በየቀኑ። የምታወጡትን አትድፉት፣ ትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ አድርጋችሁ ምጣድ ላይ ቂጣ ጋግሩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን የወጣውን ብቻ ሽታው ስለማይመች ድፉት።

አሁን ዋናው ነገር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ድንገት በኃይል ኩፍ ይላል፣ ሽታውም መጥፎ ይሆናል። ሰው ደስ ይለዋል፣ ደረሰ ይላል። አልደረሰም። ያ የመጀመሪያ ግርግር የሌሎች ባክቴሪያዎች ነው። ከዚያ በአራተኛው ቀን ጭጭ ይላል፣ አረፋም የለው፣ ምንም የለው። ብዙ ሰው እርሾው ሞተ ብሎ የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አትድፉት! ሊጡ እየጎመዘዘ ሲሄድ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፣ ጉምዛዜ የሚችሉት ትክክለኞቹ ደግሞ ቦታውን ይይዛሉ። ይህ ሲሆን ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ዝም ብላችሁ መግቡት። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሽታው ወደ እርጎና ወደ ጠላ የሚጠጋ ይሆናል፣ ከመገባችሁት በኋላም ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ማሰሮው ላይ ላስቲክ እሰሩበት፣ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ ታያላችሁ። ሁለት ቀን በተከታታይ እጥፍ ካለ ደርሷል።

ቤት ውስጥ የእንጀራ እርሾ ካለ መንገዱ አጭር ነው። ከላይ የጠለለውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ከታች ካለው የቦካ ሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሰዱ። በ50 ግራም የስንዴ ዱቄትና በ50 ግራም ውሃ መግቡት፣ ይህንን ለሦስት ወይም አራት ቀን ደጋግሙት። እየቆየ ወደ ስንዴው ይለምዳል። ጣዕሙ ከዜሮ ከተነሳው ይልቅ ጎምዘዝ ይላል፣ ለዚህ ዳቦ ግን ይሄ አይጎዳም፣ ማሩ ያመጣጥነዋል።

የጅማ አየር ለእርሾ ምቹ ነው። ቀኑ ሞቅ ያለ፣ አየሩም እርጥበት ያለው ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ግን ሌሊቱ ይበርዳል፣ እርሾውም ይተኛል። ያኔ ማሰሮውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቡና ከተፈላበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። አጠገብ ነው ያልኩት፣ ላዩ ላይ አይደለም። ከ45 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ይሞታል። እጃችሁን ማሰሮው ላይ አድርጋችሁ ለብ ያለ ብቻ ከተሰማችሁ ጥሩ ነው።

የሚያስፈልገው

አራት ወይም አምስት ሰው የሚበላው አንድ ዳቦ ይወጣዋል።

ለማታው ቡኮ፦ 50 ግራም የነቃ እርሾ፣ 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም ውሃ።

ለጠዋቱ፦ 150 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም ላመ የበቆሎ ዱቄት፣ 50 ግራም የቀይ ጤፍ ወይም የዘንጋዳ ዱቄት፣ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ 180 ሚሊ ሊትር አሬራ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ማር (80 ግራም ገደማ)፣ አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ለመቀባት ቅቤ ወይም ዘይት።

ስለ ዱቄቱ ትንሽ ልቆይ። ስንዴውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ ወፍጮ ቤት ብትወስዱት ከሁሉ ይበልጣል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ያልተነፋ ዱቄት እንደ ፉርኖ ብዙ አይቆይም። በፍሬው ውስጥ ያለው ዘይት አየር ሲያገኘው ይበላሻል፣ ዱቄቱ ይመራል። ክረምት ላይ በተለይ ከሁለትና ሦስት ኪሎ በላይ አታስፈጩ። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በቆሎውን በደንብ እንዲያልሙላችሁ ንገሯቸው። ለገንፎ የሚሆን ሸካራ በቆሎ እዚህ ዳቦ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

ጤፉ ወይም ዘንጋዳው የገባው በራይ ቦታ ነው። ራይ ጅማ ገበያ ላይ አትፈልጉ። የቀይ ጤፍ ጥቁረትና ጣዕም ቦታውን በደንብ ይሞላል። ዘንጋዳም እንደዚሁ፣ ደግሞ ይረክሳል። ሁለቱም እንደ ስንዴ የሚሳብ ነገር ስለሌላቸው ከተባለው በላይ አትጨምሩ፣ ዳቦው ይፈረካከሳል።

ማሩ ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት። የጌራ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው። እሱን ግን ለዚህ ዳቦ አታባክኑት፣ ለቁርስ አስቀምጡት። ለዚህ የሚሆነው ጠቆር ያለው፣ ጣዕሙ ከበድ የሚለው የጫካ ማር ነው። ሰፈፉ የወጣለት ይሁን። ሂርማታ ገበያ ስትገዙ ቀምሳችሁ ግዙ፣ ትንሽ መረር የሚል ካጋጠማችሁ አትሽሹት፣ ሞላሰስ ራሱ መረር ያለ ነገር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማር ያለበትን ዳቦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሕፃናትን የሚጎዳ ተህዋስ በፈላ ውሃ ሙቀት አይሞትም፣ ስለዚህ ተቀቅሏል ብላችሁ አትተማመኑ።

አሬራ ካጣችሁ እርጎን በእኩል ውሃ አቅጥኑት። ቀለሙ ጠቆር እንዲል የምትፈልጉ ደግሞ ከአሬራው ላይ 50 ሚሊ ሊትር ቀንሳችሁ በእሱ ምትክ አቦል ቡና ማድረግ ትችላላችሁ። አተላው እንዳይገባ አጥልሉት። ቡናው ጎልቶ አይታወቅም፣ የማሩን ጣዕም ግን ያጎላዋል። በዚህ ከተማ ከዚህ ቀላል ነገር የለም።

ማታ

ከመተኛታችሁ በፊት እርሾውን፣ ዱቄቱንና ውሃውን አንድ ላይ አማስላችሁ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ኩፍ ብሎ፣ መሃሉ ትንሽ ወደ ታች ሊል ሲጀምር ዝግጁ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰርጎ፣ ላዩ ውሃ ቋጥሮ ካገኛችሁት አልፎበታል፣ በጣም ይጎመዝዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ማታ የምትጨምሩትን እርሾ ወደ 25 ግራም አውርዱት፣ በዝግታ ይሄዳል። ከማታው ቡኮ ሁለት ማንኪያ ለሚቀጥለው ጊዜ መልሳችሁ ማሰሮ ውስጥ ማስቀረት እንዳትረሱ።

ጠዋት

በመጀመሪያ የበቆሎውን ዱቄት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና የፈላውን ውሃ አፍሱበት፣ በፍጥነት አማስሉት። ወፍራም ገንፎ ይመስላል። ይህንን አትዝለሉት። በቆሎ ውሃ ለመጠጣት ሰነፍ ነው፣ በ94 ዲግሪ እንፋሎት ደግሞ ቀድሞ ያልራሰ በቆሎ መሃል ላይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ለብ እስኪል ተዉት። ትኩሱን እርሾ ላይ ብታፈሱት እርሾውን ትገድሉታላችሁ።

ከዚያ የማታውን ቡኮ ቡሃቃ ውስጥ አድርጋችሁ አሬራውን ጨምሩበትና በእጅ በትኑት። አሬራው ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ለብ አድርጉት። ማሩን ጨምሩ። የበቆሎውን ገንፎ እየቆረሳችሁ አስገቡ፣ እንዳይጓጉል በጣታችሁ ፈትጉት። በመጨረሻ ስንዴው፣ ጤፉ፣ ጨውና ኮረሪማው ይገባሉ።

ማሸት የለም። እንደ ድፎ ሊጥ እጃችሁን የሚለቅ ነገር አትጠብቁ። ከእንጀራ ሊጥ በጣም የወፈረ፣ ከድፎ ሊጥ የቀጠነ፣ በማንኪያ ስታነሱት ቀስ ብሎ ተጎትቶ ቦጭ የሚል መሆን አለበት። ዱቄቶች እንደየወፍጮው ይለያያሉ፣ አንዱ ብዙ ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም። ማንኪያው ላይ ተጣብቆ አልወርድም ካለ ሁለት ማንኪያ አሬራ ጨምሩ። እንደ ሾርባ ከፈሰሰ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ይበቃዋል።

ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ በብርድ ቀን እስከ 5 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። ላዩ ላይ አረፋ ሲፈነዳ፣ ጎኑን በማንኪያ ገለጥ ስታደርጉት ውስጡ ወንፊት ሲመስል ደርሷል። እጥፍ አይሆንም። በቆሎና ጤፍ ስላለበት ከሲሶ እስከ ግማሽ ከጨመረ ጥሩ ነው። ማርም ስላለበት እርሾው ከወትሮው ትንሽ ይዘገያል፣ አትቸኩሉ።

እዚህ ላይ ቅመሱት። ጉምዛዜው ከምትወዱት በላይ ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና በፍጥነት አማስሉ። ሶዳው ጉምዛዜውን ይቀንሳል፣ ሊጡንም ያነሳዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ሶዳ ከተጨመረ ግን የሚነሳው ወዲያው ስለሆነ ሁለተኛውን ኩፍታ አትጠብቁ፣ ድስቱ ቀድሞ ፈልቶ ይጠብቃችሁ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ በሶዳ ምትክ አታስገቡት። ከሩብ በላይ ሶዳም የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

ዕቃውና ድስቱ

ሊጡ የሚገባበት ዕቃ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የሚይዝ ይሁን። ረዘም ያለ የማይዝግ ብረት ዕቃ ወይም ትንሽ ድስት ይሆናል። አሜሪካኖቹ በጣሳ ነው የሚሠሩት፣ እናንተም በዱቄት ወተት ጣሳ መሥራት ትችላላችሁ፣ ግን ዝገት የሌለበት፣ ውስጡ ያልተላጠ፣ የምግብ ብቻ የነበረበት ይሁን። የቀለም ወይም የዘይት ቆርቆሮ ፈጽሞ አይሆንም።

ውስጡን ቅቤ ቀቡት። ኮባ ካለ ደግሞ ዙሪያውን በኮባ ሸፍኑት፣ እዚህ አካባቢ እንሰት ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ኮባውን እጠቡ፣ ወፍራሙን አጥንት ቁረጡ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት። ያኔ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። ጠረኑ ወደ ዳቦው ይገባል፣ ሲወጣም አይጣበቅም።

ሊጡን ገልብጡበት። ዕቃው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በፍጹም አትሙሉ። ላዩን በእርጥብ ጣት አስተካክሉትና ሶዳ ካልገባበት ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ተዉት። ሲሶ ያህል ከፍ ሲል ላዩን በተቀባ ኮባ ወይም በፎይል ሸፍናችሁ በገመድ እሰሩት። ስትሸፍኑ ሊጡ የሚነሳበት ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑረው። ይህ ክዳን የሚያስፈልገው ከድስቱ ክዳን የሚንጠባጠበው ውሃ ዳቦው ላይ እንዳይወርድ ነው።

ድስቱ ትልቅና ክዳኑ ገጣሚ ይሁን። ሥሩ ላይ ትንሽ ሳህን ገልብጡ ወይም የተላጠ እንጨት ረብርቡ፣ ዕቃው የድስቱን ሥር በቀጥታ ከነካ ሥሩ ያርራል። ከዚያ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ዕቃው ሲገባ እስከ ግማሹ የሚደርስ። አንድ የታጠበ ጠጠር ወይም ሳንቲም ከሥር ጣሉ። ውሃው እየፈላ ሳለ ሲንኳኳ ትሰማላችሁ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ዝም ካለ ውሃው እያለቀ ነው ማለት ነው። በየደቂቃው ክዳን ከመክፈት ያድናችኋል። ክዳኑን ከውስጥ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ የጨርቁን ጫፍ ወደ ላይ ሰብስባችሁ ቋጥሩ፣ እሳት እንዳይነካው። ከላይ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት።

ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ እንደ ተራ ድስት ተጠቀሙበት፣ ክዳኑን አትቆልፉት። የሚነሳ ሊጥ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል።

ማብሰል

ውሃው እየፈላ ዕቃውን አስገቡ። ለመጀመሪያው 15 ደቂቃ ጠንከር ባለ እሳት፣ ከዚያ መንተክተኩ ሳይቆም እሳቱን ቀንሱ። ከዚህ በላይ ማንደድ ዳቦውን አያፈጥነውም፣ ከላይ እንዳልኩት ሙቀቱ ያው ነው።

ለአንድ ትልቅ ዕቃ 2 ሰዓት ተኩል። በሁለት ትናንሽ ጣሳ ከከፈላችሁት አንድ ሰዓት ተኩል። የውጭ መመሪያ ላይ ከዚህ ያነሰ ታያላችሁ፣ እሱን አትከተሉ። ደግነቱ የእንፋሎት ዳቦ ሰዓት ቢያልፍበት አያርርም፣ አይደርቅም። ግማሽ ሰዓት ቢጨመርበት ምንም አይሆን፣ ግማሽ ሰዓት ቢጎድልበት ግን ይበላሻል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ጨምሩ።

በየ30 እና 40 ደቂቃው ውሃውን አረጋግጡ። የምትጨምሩት ውሃ የፈላ ይሁን፣ ማንቆርቆሪያ ጎን ላይ ይጠብቅ። ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁ ድስቱ እንደገና እስኪፈላ ሊጡ ይቀመጣል፣ ይሰርጋል። የመጀመሪያውን 45 ደቂቃ በተቻለ መጠን አትክፈቱት።

በኤሌክትሪክ የምትሠሩ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ከሰል አዘጋጁ። ከጠፋ ክዳኑን ሳትከፍቱ ድስቱን እንዳለ ወደ ከሰሉ አዙሩት፣ ከሰሉ እስኪቀጣጠል በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት። የቆመበትን ጊዜ አትቁጠሩት፣ መልሶ መፍላት ከጀመረ በኋላ ያለውን ብቻ ቁጠሩ። መጀመሪያውኑ በከሰል የምትሠሩ ደግሞ በርና መስኮት ክፈቱ። ሦስት ሰዓት የሚነድ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ውጭ፣ በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

መብሰሉን ለማወቅ ስንደዶ ወይም ቀጭን እንጨት መሃሉ ድረስ ውጉበት። እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ቢወጣ ችግር የለም። እንደ ሊጥ የተለጠፈ ነገር ካለ መልሳችሁ እሰሩና 30 ደቂቃ ጨምሩ። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ መሃሉ 91 ወይም 92 ዲግሪ ሲደርስ በቂ ነው። ብዙ መመሪያ 96 እና 98 ይላል። ጅማ ላይ ያንን ቁጥር ብትጠብቁ ውሃው ራሱ እዚያ ስለማይደርስ እስከ ማታ ትጠብቃላችሁ።

ማውጣትና መቁረጥ

ዕቃውን አውጡ፣ ከላይ ያለውን ክዳን ፍቱ፣ 10 ደቂቃ ይተንፍስ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ገልብጡት። ኮባውን ወዲያው ላጡት፣ ካልተላጠ ላዩ ላብ ያጠራቅማል። ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ተዉት። ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው መጠበቅ ከባድ ነው፣ ግን ትኩሱን ከቆረጣችሁት መሃሉ ተጣብቆ ያልበሰለ ይመስላል። ስታርቹ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው።

ለመቁረጥ ቢላዋ ተዉና ወፍራም ንጹህ ክር ውሰዱ። ክሩን ዳቦው ዙሪያ አዙሩና ሁለቱን ጫፍ አጠላልፋችሁ ሳቡት። ቢላዋ እርጥብ ዳቦን ይጨፈልቀዋል፣ ክር ግን አንድ ወጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። የቦስተኑን ዳቦም ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ ይቆርጠዋል።

አሜሪካኖቹ በልማዳቸው ቅዳሜ ማታ ከጣፋጭ የቦሎቄ ወጥ ጋር ይበሉታል። ቦሎቄ እኛም አለን። በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በትንሽ በርበሬ የተሠራ ቦሎቄ ከዚህ ዳቦ ጋር ምሳ ይሆናል። ለቡና ቁርስ ደግሞ በአይብ። በማግስቱ ቁራጩን ምጣድ ላይ ቅቤ ጣል አድርጋችሁ ሁለቱንም ጎን ጠበስ አድርጉት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከትኩሱ የማግስቱ ጥብስ ይበልጣል፣ ያ የጎደለው ቅርፊት ያኔ ይመጣል።

ካልሆነ

መሃሉ ሊጥ ሆኖ ዳሩ ከበሰለ ሰዓት አንሶታል ወይም ውሃው መፍላት አቁሞ ነበር። ያልቆረጣችሁት ከሆነ መልሳችሁ አንድ ሰዓት ማብሰል ይቻላል። የተቆረጠውን ግን በስሱ ቆራርጣችሁ ምጣድ ላይ አድርቁት።

ከላይ ሰርጎ እንደ ጉድጓድ ከሆነ ሊጡ በጣም ቆይቷል፣ ሁለተኛውን ኩፍታ አሳጥሩት። ሳይነሳ ድንጋይ ከሆነ እርሾው ገና አልነቃም ነበር፣ ወይም በቆሎው ሳይበርድ ገብቷል። ላዩ ላይ ውሃ ከቋጠረ ክዳኑ አልታሰረም። የሚፈረካከስ ከሆነ ጤፉን ወይም ዘንጋዳውን ወደ 30 ግራም አውርዱና የቀነሳችሁትን በስንዴ ሙሉት።

ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቆያል። በክረምት የጅማ እርጥበት ሻጋታ ቶሎ ያመጣል፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ ሲበላ ደግሞ 10 ደቂቃ እንፋሎት አሳዩት። በላስቲክ ትኩሱን አትቋጥሩት።

እርሾውን በተመለከተ፣ ፍሪጅ ካለ በሳምንት አንዴ መመገብ ይበቃል። ፍሪጅ ከሌለ ወፈር አድርጋችሁ ያዙት፦ 50 ግራም እርሾ፣ 100 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ውሃ። ወፍራም እርሾ በዝግታ ስለሚሄድ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ ሁለት ቀን ሳይመገብ ይቆያል። ለክፉ ቀን ደግሞ ከነቃው እርሾ ትንሽ ወስዳችሁ ንጹህ ወረቀት ላይ በስሱ ቀቡት፣ በጥላ አድርቁት፣ ሲሰባበር በደረቅ ብልቃጥ አስቀምጡት። ለወራት ይቆያል። ለማስነሳት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ሁለት ሦስት ቀን መመገብ ብቻ ነው።